ከሞት በፊት የሚደርስ ዕድር

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ የዕድራችን ጥሩምባ ተነፋ። መንደራችን ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃ አልቆ የጤፍና የሽምብራ ማሳ የሚጀምርበት ቦታ ስለሆነ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል። ለፋፊው ከሟቹ ስም በፊት የአባቱን ስም ሲጠራ፣ የሞተው ልጅ እንደሆነ ሁላችንም ገባን።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዕድር ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ፀሐይ ሳትወጣ ድንኳኑ ቆመ። አግዳሚ ወንበሮቹ ከመጋዘን ወጥተው ተደረደሩ። ሴቶቹ በየተራቸው ድስት ጣዱ፣ ንፍሮው ተቀቀለ፣ መቃብር ቆፋሪዎቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ፣ ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ በመጣውና በቀረው ስም አጠገብ ምልክት አደረገ። ሃምሳ የሚሆን ሰው ማንም ሳይጮህበት በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ የየድርሻውን ይዞ ተሰማራ። እንዲህ ያለ ሥርዓት በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም። ዕድራችንን እወደዋለሁ፣ እኮራበታለሁም።

ልጁ የሞተው ከመንደሩ ጀርባ፣ ድንጋይ ወጥቶበት በተተወና ክረምት በሞላው የካባ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። ድንኳኑን የተከሉት ሰዎች አብዛኞቹ በዚያች ሰዓት ቤታቸው ነበሩ፤ ከጉድጓዱ አምስት ደቂቃ በማያስኬድ መንገድ ላይ። ገመድ ያለው ነበረ፣ ዋና የሚችል ነበረ፣ ጉልበት ያለው ሞልቶ ነበር። በውኃው ዳር ግን ከልጁ እኩዮች በቀር ማንም አልነበረም። እነርሱም ደንግጠው ሮጡ፤ ለማን እንደሚናገሩ ሲፈሩና ሲያቅማሙ ደግሞ ሌላ ጊዜ አለፈ።

የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት በመጣ ቁጥር ወላጆች ልጆቻቸውን ከወንዝና ውኃ ካቆሩ ጉድጓዶች እንዲጠብቁ ያሳስባል። ማሳሰቢያው ትክክል ነው። በየዓመቱ መደገሙ ግን ብቻውን እንደማይበቃ ይናገራል። የጎደለን ምን እንደሆነ ስፈልግ መልሱን ያገኘሁት ፈጽሞ ባልጠበቅሁት ቦታ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በአውስትራሊያዋ ሲድኒ ከተማ የባሕር ዳርቻ በተቋቋሙ የሰርፍ ክለቦች፣ ማለትም በባሕር ሞገድ የሚዋኙ ሰዎች ባቋቋሟቸው ማኅበራት፣ ታሪክ ውስጥ ነው። ባሕር የሌለው አገር ሰው ስለ ሰርፍ ክለብ ምን አገባው የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ።

አስቀድሜ ግን ስለ አንድ አባባላችን ልናገር። ሰው ሲሰምጥ «ውኃ ወሰደው» እንላለን። ቀስ ብሎ የሚያጠፋን ነገር ስንገልጽ ደግሞ «እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ» እንላለን። አባባሉ ውብ ነው፤ ውኃው እንዴት እንደሚያታልልም በትክክል ያውቃል። ሰዋስዉን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፦ ውኃው ባለቤት ነው፣ ልጁ ተሳቢ ነው፣ እኛ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለንም። የመኪና አደጋ ሲደርስ ሾፌሩን እንጠይቃለን፣ ቤት ሲቃጠል ሽቦውን እንመረምራለን። ውኃ የወሰደውን ግን እግዜር እንደወሰደው ቆጥረን እንቀብራለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት በ2021 ብቻ 300,000 የሚሆን ሰው በዓለም ላይ ሰምጦ እንደሞተ፣ ከእነዚህም 92 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደሚኖር ገልጿል። ውኃማ ሀብታም አገርም አለው፤ የሚሞተው ግን በብዛት የእኛ ዓይነቱ ነው። ስለዚህ የሚወስደው ውኃው ብቻ አይደለም።

ወደ ሲድኒ ልመለስ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚያች ከተማ በቀን ብርሃን በባሕር መታጠብ በሕግ የተከለከለ ነበር። ክልከላው የመጣው ከአደጋ ፍራቻ ሳይሆን ነውር ነው ከሚል አስተሳሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ማንሊ በምትባለው የባሕር ዳር ሰፈር ጋዜጣ የሚያሳትም ዊሊያም ጎቸር የተባለ ሰው ሕጉን ጥሶ በቀን እንደሚገባ አስቀድሞ በጋዜጣው አስታውቆ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ክልከላው ላላ። ሕዝቡም ወደ ባሕሩ ጎረፈ። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ውኃው ሲፈቀድ ዋና አብሮ አልመጣም። ከዳር ሲያዩት የሚያስደስተው ሞገድ ወደ ኋላ ሲመለስ እግር ሥር ያለውን አሸዋና የቆመውን ሰው ይዞ ይሄዳል። ሰዎች በዘመዶቻቸው ፊት መስጠም ጀመሩ።

መንግሥት እስኪደርስ አልጠበቁም። ዘወትር ለመዋኘት የሚመጡት ሰዎች ራሳቸው ተሰባስበው ተራ ያዙ። ቦንዳይ በተባለው ዳርቻ ክለብ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1907 ነው። አጠገቡ ያለው የብሮንቴ ሰፈር ክለብ እኔ እቀድማለሁ ይላል፤ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። (ዕድሮቻችንም በዕድሜ ይፎካከራሉ፤ እንዲህ ያለ ፉክክር ጤነኛ ነው እላለሁ።) በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር የአካባቢው ክለቦች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። የዛሬው የአውስትራሊያ የባሕር ዳርቻ ነፍስ አድን ድርጅት፣ ከ300 በላይ ክለቦች ያሉት፣ የበቀለው ከዚያ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ መሣሪያቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 መጨረሻ ላይ ቦንዳይ ላይ አንድ መዘውር ለሕዝብ ታየ። የሸማኔን የክር መጠቅለያ የሚመስል ትልቅ እንክብል በእንጨት እግር ላይ ቆሞ፣ ረጅም ገመድ ተጠምጥሞበታል። የገመዱ ጫፍ ከቀበቶ ጋር ይያያዛል። ቀበቶውን የታጠቀው ሰው ወደ ሰማጩ ይዋኛል፤ ዳር የቆሙት ገመዱን እንዳይወጠርና እንዳይጠላለፍ ከፍ አድርገው እየያዙ ይለቁለታል። ሰማጩን ሲይዝ እጁን ያነሣል፤ ያን ጊዜ መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞርና ሁለቱም ተስበው ይወጣሉ። መሣሪያው በታየ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ በጥር 1907፣ ከቦንዳይ ውኃ ከወጡት አንዱ የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ያ ልጅ አድጎ ፓስፊክን በአውሮፕላን ያቋረጠው አብራሪ ቻርልስ ኪንግስፎርድ ስሚዝ ሆነ።

የገመዱን ነገር ያጎላሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ ከአንድ ጉድጓድ ሁለት ሬሳ ይወጣል። ታናሽ ሲሰምጥ ታላቅ ዘሎ ይገባል፣ ጓደኛ ሲሰምጥ ጓደኛ ይገባል። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ይይዛልና ሁለቱም አይመለሱም። ድፍረት አላነሰንም፤ ልጆቻችን ለጓደኛ ሲሉ የሚሞቱ ናቸው። መዘውሩ የሚለው ሌላ ነገር ነው፦ የሚገባው ሰው ብቻውን አይገባም፣ ዳር ያለው ሰውም ቆሞ አያይም። ሁሉም በአንድ ገመድ ታስሯል። ዕድር ማለትስ ይኸው አይደለምን?

ክለቦቹ ድፍረትን ወደ ሥልጠና ለወጡት። እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ ነፍስ ማዳን ተምሮ ፈተና ያለፈ አባል የነሐስ ሜዳሊያ ይሰጠዋል፤ ጥበቃ ላይ የሚቆመው እርሱን ያገኘ ነው። ከዚያም በበጋው ቅዳሜና እሑድ በወረፋ ይቆማል፤ ደመወዝ የለውም። በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መካከል ያለው ውኃ ተረኛ የሚጠብቀው ነው፤ ዋናተኛው በዚያ መካከል እንዲገባ ይነገረዋል።

ይህ ሥርዓት ሲፈተን ምን ያህል እንደሚያዋጣ የታየው እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 1938 ነው። እሑድ ነበር፤ ቦንዳይ በሰው ተጨናንቋል። ተከታታይ ታላላቅ ማዕበሎች መጥተው ሰዎች የቆሙበትን የአሸዋ ደለል ጠርገው በመቶዎች የሚቆጠሩትን ወደ ጥልቁ ወሰዱ። በዚያች ሰዓት የክለቡ አባላት ለእርስ በርስ ውድድር ተሰብስበው ነበር። ውድድሩን ትተው በመዘውሩ፣ በሰርፍ ጣውላው፣ ባዶ እጃቸውንም ገቡ። 250 የሚሆን ሰው ወጣ፤ አምስት ሰው ሞተ። አምስቱ ሞት ነው፤ እንዳይቀል። ግን ሃምሳ ሊሆን ይችል የነበረው አምስት የሆነው ሰዎቹ በአጋጣሚ ጀግኖች ስለነበሩ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት በዚያ ቦታ ስለነበሩና ምን እንደሚያደርጉ ስለተለማመዱ ነው።

ውድድር ብያለሁ። የሰርፍ ክለብ ዕድሜ ያገኘበት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1914 ወደ 1915 በተሻገረው የአውስትራሊያ በጋ የሃዋይ ተወላጁ የኦሊምፒክ ዋናተኛ ዱክ ካሃናሞኩ በፍሬሽዋተር ዳርቻ በጣውላ ላይ ቆሞ ሞገድ እንዴት እንደሚጋለብ ለሕዝብ አሳየ። ጣውላው ለጨዋታም ለነፍስ ማዳንም አገለገለ። ወጣቱ ለጨዋታው ሲመጣ ጥበቃውን አብሮ ይማራል፤ ጥበቃውን ሲቆም ቤት፣ ጓደኛ፣ ስም ያገኛል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ ከ5 ዓመት ጀምሮ ያሉ ሕፃናት በክለቡ እየተሰባሰቡ ስለ ውኃ ይማራሉ፤ ወላጆቻቸውም ሊያደርሷቸው መጥተው አባል ይሆናሉ። ሰፈርተኛው በዓሉን የሚያከብረውም፣ ሲቸገር የሚረዳዳውም በዚያ ቤት ነው። ጥበቃ ብቻውን ቢሆን ኖሮ በአንድ ትውልድ ይሰለች ነበር።

አንድ ነውር አለባቸው፤ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ሴቶች ሙሉ ነፍስ አድን አባል እንዲሆኑ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከ70 ዓመት በላይ የመንደሩን ግማሽ ጉልበት ዳር አቁመዋል ማለት ነው። በእኛ መንደር በውኃ ዳር ልብስ የሚያጥቡት፣ ከብት ሲጠፋ ወርደው የሚያዩት፣ ልጅ ሲዘገይ ቀድመው የሚጨነቁት ሴቶች ናቸው። የእኛ ተረኛ ከእነርሱ ካልጀመረ ከስሕተታቸው አልተማርንም።

አሁን ወደ ጉድጓዱ ልውረድ። ድንጋዩ ጠጠር ሆኖ ለመንገድ፣ ተጠርቦ ለኮብልስቶን፣ ገረጋንቲው ለሕንፃ መሠረት ወጥቷል። እኔ የምኖርበት ቤት ወለል ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ሊሆን ይችላል። ከተማው በሰፋ ቁጥር ዙሪያውን እየተቦረቦረ ነው የሰፋው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ የወሰደ ሁሉ አካባቢውን መልሶ የማቅናት ግዴታ ይጥልበታል። እኛ ስለ መንደራችን ጉድጓድ ሁለት መሥሪያ ቤት ሄድን። አንደኛው የእኔ ክልል አይደለም አለን፤ ሁለተኛው ካርታ ላይ አላገኘውም አለን። ወሰን ላይ ያለ ጉድጓድ ባለቤት አይኖረውም፤ ክረምት ብቻ አይረሳውም።

የአዲስ አበባ ዝናብ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። ጉድጓዱ በሐምሌ አጋማሽ ይሞላል። ወንዝ ዳር ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ካባ ግን በፍንዳታና በማሽን የተቆረጠ ግድግዳ ነው። አንድ እርምጃ ጉልበት ድረስ፣ ቀጣዩ እርምጃ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ውኃው ቡና በወተት ስለሚመስል ከክንድ በታች ያለው አይታይም። ላይኛው ፀሐይ ያሞቀው ነው፤ ወረድ ሲሉ አጥንት የሚሰብር ብርድ ያገኛል። ለመውጣት የሚሞክር ልጅ ደግሞ የሚይዘው የለውም፤ የእኛ አካባቢ አፈር ዋልካ ነው፣ ሲርስ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ በጥፍር ሲቧጥጡት ተቆርሶ አብሮ ይወድቃል። ያን ልጅ ያጣንበትን ጠርዝ በማግሥቱ ሄጄ አይቼዋለሁ። አምስት ጣት የተሳለበት መስመር ጭቃው ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘነበና ጠፋ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የሚሰምጥ ሰው አይጮኽም። ለመጮኽ አየር ያስፈልጋል፤ አፉ ከውኃ በላይ የሚቆይባት ቅጽበት ለመተንፈስም አትበቃም። እጁን አያወዛውዝም፤ ወደ ታች ይጫናል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጸጥ ይላል። አንጎል ያለ አየር አራት አምስት ደቂቃ ከቆየ ጉዳት ይጀምራል። በኮሚሽኑ የአደጋ ስልክ 939 ላይ ተደውሎ ጠላቂ ዋናተኞች ከጣቢያቸው ተነሥተው፣ የአዲስ አበባን መንገድ አልፈው፣ ከአስፋልት ወጥተው በጭቃ እዚህ እስኪደርሱ ድረስ ስንት ደቂቃ እንደሚሆን ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ወንዶቹ ቀዝቃዛና ጨለማ ውኃ ውስጥ ገብተው የሰው ልጅ የሚያወጡ ናቸውና ክብር ይገባቸዋል። ግን ሰዓቱ አይፈቅድላቸውም። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሊደርስ የሚችለው ጎረቤት ብቻ ነው።

ከወጣ በኋላስ? እኛ ዘንድ የወጣውን ልጅ በእግሩ ዘቅዝቆ ማንጠልጠል፣ ሆዱን እየተጫኑ ውኃ ማስወጣት የተለመደ ነው። ይህ ጊዜ ያባክናል፤ በሆዱ ያለው ምግብና ውኃ ተመልሶ ወደ ሳንባው ሊገባም ይችላል። የማይተነፍስ ሰማጭ የሚያስፈልገው አየር ነው፦ በጀርባው አስተኝቶ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ አፍንጫውን ይዞ በአፉ ትንፋሽ መስጠት፣ ከዚያ ደረቱ መካከል 30 ጊዜ ጠንከርና ፈጠን አድርጎ መጫን፣ 2 ትንፋሽ መስጠት፣ እስኪነቃ ወይም ባለሙያ እስኪደርስ መደጋገም። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚለመድ ሙያ ነው።

የዘመን አቆጣጠራችንም አደጋውን ያባብሰዋል። ትምህርት ቤት የሚዘጋው ጉድጓዱ በሚሞላበት ወር ነው። ልጆቹ ከሐምሌ እስከ መስከረም ሥራ የላቸውም፤ ከከብት ጥበቃና ከኳስ ሌላ የቀራቸው ውኃው ነው። በጳጉሜን ደግሞ፣ በተለይ በሩፋኤል ዕለት፣ በዝናብና በወንዝ መታጠብ ወግ ነው፤ ለዕንቁጣጣሽ ዋዜማም እንዲሁ። ወጉን አልነካውም፤ እኔም ልጅ ሆኜ በሩፋኤል ዝናብ ራቁቴን የሮጥኩ ነኝ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለመስጠም መከላከያ ያሰበው ዓለም አቀፍ ቀን ሐምሌ 18 ላይ ይውላል፤ የሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ ማለት ነው። ለእኛ ከዚህ የተሻለ ቀን አይገኝም፤ ውኃው ከሞላ ሳምንት አይሞላውም።

ጠባቂ ቢቆም ልጆቹ ይደፍራሉ፣ ይልቅ ጨርሶ ይከልከሉ የሚሉኝ አባቶች አሉ። የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ነገር ግን ልጆቹ አሁንም እየገቡ ነው። ክልከላ ያመጣው ለውጥ ቢኖር ከሰው ዐይን ርቀው፣ በማይታዩበት በኩል መግባታቸው ነው፤ ጓደኛቸው ሲሰምጥ መናገር የሚፈሩትም ስለተከለከሉ ነው። ሲድኒም በክልከላ ሞክራዋለች። በሌላ በኩል ጉድጓዱ ይደፈን የሚለው ሐሳብ ፍጹም ትክክል ነው፤ ጥያቄያችንንም አናቆምም። እስኪደፈን ግን ስንት ክረምት እንደሚያልፍ አላውቅም፣ ልጆቹ ደግሞ በየክረምቱ አሉ።

ዋና እናስተምራቸው የሚለውስ? ወደፊት፣ አዎን። በባንግላዴሽ ገጠር በመንደር ኩሬ ውስጥ ከቀርከሃ መድረክ ሠርተው ለልጆች ዋና እያስተማሩ የብዙዎችን ሕይወት አትርፈዋል፤ የሆቴል መዋኛ አላስፈለጋቸውም። የእኛ ካባ ግን ማስተማሪያ አይሆንም፣ የአቃቂ ወንዝም በፋብሪካና በከተማ ፍሳሽ የተበከለ ነው። ስለዚህ ከዳር እንጀምር፤ ዐይን፣ ፊሽካና ገመድ።

መዘውርስ ከየት እናመጣለን? መዘውሩ በየቤታችን ደጃፍ ተደርድሯል። 20 ሊትር የሚይዘው ቢጫው ጀሪካን ባዶውን ክዳኑ ጠብቆ ሲዘጋ 20 ኪሎ ያህል ክብደት ያንሳፍፋል። በውኃ ውስጥ ያለ ሰው ክብደት አብዛኛው በውኃው ስለሚያዝ፣ አፍንጫን ከውኃ በላይ ለማቆየት ከዚህ በጣም ያነሰ ይበቃል። እጀታው ላይ ገመድ ይታሰራል። ነፋስ እንዳይመልሰው ከሥሩ ሁለት ኩባያ ያህል ውኃ ይተውበታል። ወርዋሪው ገመዱን በእግሩ ረግጦ ከሰማጩ ባሻገር ይጥለዋል፤ ከዚያ ወደ ደረቱ እስኪደርስ ይጎትታል። ሰማጩ ሲያቅፈው ተረኛው ተንበርክኮ፣ ከተቻለም በሆዱ ተኝቶ ይስበዋል፤ ቆሞ የሳበ በዋልካው ተንሸራትቶ አብሮ ይገባል። እኔ በባዶ ሜዳ ላይ ስሞክረው የመጀመሪያዎቹ ሰባት ውርወራዎቼ ከታሰበው ቦታ ርቀው ወደቁ። በስምንተኛው ደረሰ። ሰው እየሰመጠ ሰባት ጊዜ መሞከር አይቻልምና አስቀድሞ መለማመድ ግድ ነው።

ይህን ሁሉ ለምን በዕድር ላይ እንደምጭን የሚጠይቀኝ ይኖራል። ወጣት ማኅበር አለ፣ የስፖርት ክለብ አለ። አሉ፤ ይምጡም። ግን በዳር ሰፈሮች ተነሺው፣ ነባሩ ገበሬ፣ በዕጣ ቤት የደረሰው፣ ተከራዩ ሳይቀር በአንድ መዝገብ የሚገናኘው በዕድር ነው። አማርኛ ተናጋሪውም ኦሮምኛ ተናጋሪውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ድንኳን ሥር ይቀመጣል። መዋጮ የመሰብሰብ፣ ተራ የማስያዝ፣ የቀረን የመቅጣት ልማድ አለው። ሊለወጥም ይችላል። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ ሰፈሩን ሲያራቁት ብዙ ዕድሮች ቀባሪ ብቻ ሆነው መቀጠል እንደማይችሉ ዐውቀው የታመመ መጠየቅ፣ የተተዉ ልጆችን መደገፍ ጀምረዋል። ያኔ ደንባቸውን የለወጠው የድንኳኑ አለማረፍ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለውን ተረት በዕድር ላይ መተረት ይከብደኛል፤ ዛሬ ግን ስለ ውኃው ያለንበት ሁኔታ ይኸው ነው።

ባለፈው ሰኔ በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ጉዳዩን አነሣሁት። ከመሄዴ በፊት የመተዳደሪያ ደንባችንን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። አባል ሲሞት፣ የአባል ባለቤት ስትሞት፣ የአባል ልጅ ሲሞት፣ ወላጅ ሲሞት። ለልጅ ሞት የሚከፈለው የአዋቂው ግማሽ ነው። ያ ግማሽ ከገመድ፣ ከሁለት ጀሪካንና ከአራት ፊሽካ ዋጋ ይበልጣል፤ ይህንኑ አስልቼ ተናገርኩ። አንዳንዶች አጉረመረሙ፣ ሞት በገንዘብ አይሰላም አሉ። ልክ ናቸው፤ ቃሌን ይቅርታ ጠይቄ አነሣሁ። ከኋላ ረድፍ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሥተው እጃቸውን ሳያወጡ ተናገሩ። «እኔ ከዚያ ጉድጓድ በላይ ነው የምኖረው። በየቀኑ አያቸዋለሁ። ስጮህባቸው ይስቃሉ። ፊሽካ ካለኝ ግን ይሰማሉ፤ እናንተም ትሰማላችሁ።»

ከዚያ በኋላ ክርክሩ አጠረ። እስከ መስከረም መጨረሻ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ተረኛ፣ አንድ ወጣትና አንድ አዋቂ፣ ይቆማሉ። ተራውን የዘለለ ቀብር እንደቀረ ይቆጠራል። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና እንዲሰጠን ለቀይ መስቀል ማኅበር ደብዳቤ ይጻፋል። ከጉድጓዱ በላይ የሚኖሩት እናት ከሰኞ እስከ ዓርብ ፊሽካውን ይይዛሉ፤ ለዚህም ከመዋጮ ነፃ ይሁኑ ተብሎ ሲቀርብ እምቢ አሉ፣ እከፍላለሁ አሉ።

ሊቀመንበሩ ውሳኔው በደንቡ ላይ እንዲሰፍር አዘዙ። ጸሐፊው ደንቡን ከፊቱ ዘርግቶ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ፣ አንቀጾቹን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ሁሉም «ሲሞት» በሚል ይጀምራሉ። ቀና ብሎ «ከየትኛው ሥር ላስገባው?» ሲል ጠየቀ። ጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ ሊቀመንበሩ «አዲስ ገጽ ጀምርለት» አሉት።